ልጠይቀው ወይስ ዝም ልበል? ከጦር ሜዳ የተመለሱ ልጆችና የዝምታ ታሪክ



የዛሬው ጽሑፌ በየቤታችን ስሙ ስለማይጠራ ሞት ነው። ለመጻፍ ከብዶኛል፤ ለማንበብም ሊከብዳችሁ ይችላል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከስብሰባዎቻችን በአንዱ፣ ቡናው ቀርቦ ሰው ሁሉ ጨዋታ እንደያዘ፣ አንዲት እህታችን ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ በሹክሹክታ አዋየችኝ። ልጇ እዚሁ አሜሪካ አድጎ፣ ትምህርቱን እንደጨረሰ ሠራዊቱ ውስጥ የገባና አፍጋኒስታን ደርሶ የመጣ ነው። ከተሰናበተ ዓመት አልሞላውም። ሌሊት አይተኛም። ሰርግም ልቅሶም አይሄድም። በቅርቡ ደግሞ የሚወደውን ጊታር ለአክስቱ ልጅ ሰጠው። «ራሱን ሊያጠፋ እያሰበ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ልጠይቀው ወይስ ዝም ልበል? ብጠይቀው እኔው እንዳላስታውሰው» አለችኝ።

እኔም ሳላመነታ «ዝም በይ እህቴ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስሙ አይጠራም። ጸሎት አድርጊለት» አልኳት።

ቤቴ ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግሥቱ ከቀድሞ ወታደሮች ጋር የምትሠራ አንዲት ነርስ ዘንድ ደወልኩ። መልሴ የተሳሳተ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። ወዲያው ለእህታችን ደውዬ ያልኳትን አነሣሁ። ከዚያ በኋላ ግን ያ «ዝም በይ» የሚለው ቃል ከአፌ እንዴት እንዲያ ፈጥኖ እንደወጣ ማወቅ ፈለግሁና ማንበብ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ ካነበብኩት የተውጣጣ ነው። እህታችን አንብባው እንዲታተም ፈቅዳለች። ከአገራችን ታሪክ በቀር ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ሲለዋወጥ የኖረ ሕመም

ከጦርነት በኋላ ስለሚመጣ የአእምሮ ቁስል ሐኪሞች በየዘመኑ ያወቁትን ሰላም ሲሆን ይረሱታል። ሌላ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ በሌላ ስም እንደ አዲስ ይማሩታል።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) የተመለሱ ብዙ ወታደሮች ልባቸው እየመታ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ሐኪም ዘንድ ይመጡ ነበር። ፊላዴልፊያ ላይ ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም ከ300 የሚበልጡትን መርምሮ በ1871 ጽሑፍ አወጣ። በልባቸው ላይ ቁስል አላገኘም። ያም ሆኖ ሕመሙ «የወታደር ልብ» የሚል ስም ወጣለት። በእኛ አማርኛ የወታደር ልብ ሲባል ጀግንነት ይመስላል፤ በእነሱ ዘንድ ግን የበሽታ ስም ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስሙ «ሼል ሾክ»፣ የመድፍ ድንጋጤ እንደማለት፣ ሆነ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ማየርስ በ1915 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ጻፈበት። መጀመሪያ ላይ የመድፉ ፍንዳታ አንጎልን እየነቀነቀ የሚያመጣው ነው ተብሎ ይገመት ነበር። ነገር ግን መድፍ አጠገባቸው ያልወደቀባቸውም ይታመሙ ነበር።

ከዚህ ዘመን አንድ ቤተሰብ ላንሣ። ሃሪ ፋር የተባለ የእንግሊዝ ወታደር በ1915 በመድፍ ድንጋጤ ለወራት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ከዚያ ወደ ጦር ግንባር መለሱት። በ1916 ወደ ፊት አልሄድም አለ፤ በፈሪነት ተከስሶ በራሱ ወገን ጥይት ተገደለ። ሚስቱ የሟች ባለቤት አበሏን ተከለከለች። ኀፍረቱንም ለብዙ ዓመታት ከገዛ ልጇ ሳይቀር ሰውራ ኖረች። ልጅቱ እውነቱን ያወቀችው አርባ ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዝም አላለችም። በ2006 የእንግሊዝ መንግሥት እንደ ሃሪ ፋር ለተገደሉ 306 ወታደሮች ይቅርታ ሲሰጥ፣ ያቺ ልጅ የ93 ዓመት አሮጊት ሆና አየችው።

ሃሪ ፋር ራሱን ያጠፋ ሰው አይደለም። ታሪኩን ያመጣሁት ኀፍረት እንዴት ከወታደሩ ተነሥቶ ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ልጅ እንደሚወርስ ስለሚያሳይ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስሙ እንደገና ተቀይሮ «የውጊያ ድካም» ተባለ። በነሐሴ 1943 ሲሲሊ ላይ ጄኔራል ፓተን የሕክምና ጣቢያ ሲጎበኝ፣ ቁስል የማይታይባቸውን ሁለት ወታደሮች በተለያየ ቀን ፈሪ ብሎ በጥፊ መታ። አለቃው አይዘንሃወር ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዘው። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ጆን ሂውስተን የተባለው የፊልም አዘጋጅ፣ በአንድ የጦር ሆስፒታል ውስጥ የሚያለቅሱና የሚንቀጠቀጡ ወታደሮችን ቀረጸ። ሠራዊቱ ፊልሙን ከ30 ዓመት በላይ ደብቆ አቆየው። አሸንፎ የተመለሰ ልጅ ሲያለቅስ ሕዝብ እንዲያይ አልተፈለገም።

ክብ ሠርተው የተቀመጡ

ዝምታው መሰበር የጀመረው ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ራሳቸው መነጋገር ሲጀምሩ ነው። ከ1970 ማብቂያ አንሥቶ ኒውዮርክ ውስጥ ክብ ሠርተው እየተቀመጡ ያዩትንና ያደረጉትን ያወሩ ነበር። ሮበርት ሊፍተንና ኻይም ሻታን የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞችም አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር። በ1979 መንግሥት ይህንኑ መንገድ ተከትሎ፣ ወታደር ለወታደር የሚመካከርባቸው ማእከላት በየከተማው እንዲከፈቱ አደረገ። «ቬት ሴንተር» የሚባሉት ናቸው፤ ዛሬም አሉ። በ1980 ደግሞ «ፒቲኤስዲ» የሚለው ስም፣ ማለትም ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚቆይ የአእምሮ ጭንቀት፣ በሐኪሞች የሕመም መዝገብ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ፈሪ ወይም እብድ ሳይሆን ሕመምተኛ ተብሎ መቆጠር ጀመረ ማለት ነው።

ስለ ቬትናም ዘማቾች አንድ የተለመደ አባባል አለ፤ ራሳቸውን ያጠፉት በጦርነቱ ከሞቱት 58,000 ይበልጣሉ የሚል። ጥናት ይህን አልደገፈውም። በ1987 የታተመ አንድ ትልቅ የመንግሥት ጥናት ያገኘው ለእኛ ለእናቶች የበለጠ የሚጠቅም ነው። ቬትናም የዘመቱት ካልዘመቱት ወታደሮች በላይ ይሞቱ የነበረው በተለይ ከተሰናበቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 5 ዓመታት ውስጥ ነበር። የሚሞቱትም በመኪና አደጋ፣ ራሳቸውን በማጥፋትና በሰው እጅ ነበር።

እኛ ልጁ በሰላም ከተመለሰ «ተመስገን፣ አለፈ» ብለን እንተኛለን። ጥናቱ ግን ተጠንቅቀን መጠበቅ ያለብን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደሆነ ይነግረናል።

ሌላም ያስገረመኝ ነገር አለ። በ2015 የታተመ ጥናት ከ2001 እስከ 2007 ያገለገሉ 1.3 ሚሊዮን የሚሆኑ የቀድሞ ወታደሮችን ተመልክቷል። ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመቱት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ራሳቸውን የማጥፋት መጠናቸው 41 በመቶ ይበልጥ ነበር። ያልዘመቱት ደግሞ 61 በመቶ። ስለዚህ «የእኔ ልጅ ውጊያ አላየም» ማለት መተማመኛ አይሆንም። ሰውን የሚጎዳው ጥይት ብቻ አይደለም። ጓደኞችንና የነበረውን ቦታ በአንድ ቀን ማጣት፣ የትዳር መፍረስ፣ የማይለቅ የአካል ሕመም፣ መጠጥና የገንዘብ ችግር ሁሉ ይደመራሉ። አንዳንዱን ደግሞ የሚበላው ኅሊናው ነው። ቦስተን ውስጥ የቬትናም ዘማቾችን ያከመው ጆናታን ሼይ ይህን የኅሊና ቁስል ብሎ ጽፎበታል። ሰውዬው ያደረገው፣ ወይም ማድረግ ሲገባው ያላደረገው ነገር አያስተኛውም።

ሴቶች ልጆቻችንም ሠራዊት ውስጥ እንዳሉ አንርሳ። በዚህ አገር ያገለገሉ ሴቶች ራሳቸውን የማጥፋት መጠን ካላገለገሉት ሴቶች እጅግ ይበልጣል።

ሕጉን ያወጡት እናትና አባት ናቸው

አይዋ በተባለው ግዛት የሚኖር ጆሹዋ ኦምቪግ የተባለ ወጣት ከኢራቅ ተመልሶ በታኅሣሥ 2005 ራሱን አጠፋ። ዕድሜው 22 ነበር። ወላጆቹ «በድንገት ሞተ» ብለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን የልጃቸውን አሟሟት በአደባባይ ተናገሩ፤ የሕግ አውጪዎችን በር አንኳኩ። በኅዳር 2007 በልጃቸው ስም የተሰየመው ሕግ ጸደቀ። ሕጉ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ቪኤ የምንለው፣ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል የተሟላ ሥራ እንዲሠራ ያስገድዳል። በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ ቀን ከሌሊት የሚሠራው የቀድሞ ወታደሮች የአደጋ ጊዜ ስልክ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ካናንዳይግዋ ከተማ ሥራ ጀምሮ ነበር። ለመቋቋሙ ብዙ የደከመችው ጃኔት ኬምፕ የተባለች ነርስ ናት።

ክሌይ ሀንት የተባለው የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር ደግሞ በ2011 ራሱን አጠፋ። እናቱ በ2014 ኮንግረስ ፊት ቀርባ ልጇ እርዳታ ፍለጋ እንዴት እንደተንከራተተ መሰከረች። ሕጉ በዚያ ዓመት መጨረሻ በአንድ ሴናተር ተቃውሞ ቆመ። እናትየው አልተመለሰችም። በየካቲት 2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ ፈረሙበት። አውስትራሊያም ውስጥ በ2019 ልጇን ያጣች አንዲት እናት ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሆና ስለጮኸች፣ መንግሥት ትልቅ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በመስከረም 2024 122 ምክረ ሐሳቦች አቅርቧል።

እኔ ይህን ሳነብ የገባኝ፣ ዛሬ በእጃችን ያለው መከላከያ አብዛኛው የመጣው ልጃቸው ከሞተ በኋላ ዝም አንልም ባሉ ቤተሰቦች ድካም እንደሆነ ነው። የእኛ ድርሻ ደግሞ ከመሞቱ በፊት ዝም አለማለት ነው።

አንድ ደብዳቤ

ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው ጄሮም ሞቶ የተባለ ሐኪም ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ዘምቶ ሳለ አንዲት የሚያውቃት ወጣት ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር። በዚያ ብቸኝነት ውስጥ አንድ ሰው እንደሚያስበው ማወቁ ምን ያህል እንደጠቀመው አልረሳም። በኋላ የአእምሮ ሐኪም ሆኖ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ሙከራ አደረገ። ሆስፒታል ገብተው ከወጡ በኋላ ቀጣይ ሕክምና አንፈልግም ያሉ 843 ሰዎችን በሁለት ከፈላቸው። ለግማሾቹ አጭር ደብዳቤ በየጊዜው ይላክላቸው ነበር። ይዘቱ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ እናደርጋለን፣ ብትጽፉልን ደስ ይለናል ከማለት አይዘልም። ምክርም ቁጣም የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ካልደረሳቸው ያነሱ ሆኑ። ዛሬ ቪኤ በአደጋ ጊዜው ስልክ ለደወሉ የቀድሞ ወታደሮች ተመሳሳይ ደብዳቤዎችን ይልካል።

እህቶቼ፣ ይህንን እኛ ሳንማር የምናውቀው ነገር አይደለም? በለቅሶ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ቤቷ እየገባን ሐዘንተኛን የምናስተዛዝን ሰዎች ነን። ልዩነቱ፣ እኛ የምንሄደው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንጠይቅ። «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ይልቁን ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል። «እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» ብለን መልሱን አስቀድመን አንዝጋበት። ሲመልስ አንቆጣ፤ «ለእኔ ስትል»፣ «ኃጢአት ነው» እያልን አናቋርጠው። እንስማው። ውድ ዕቃን ማደል፣ መሰናበት የሚመስል ንግግር፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥ ማብዛት፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት፣ እነዚህን ስናይ ለነገ አንበል።

ሁለተኛ፣ መሣሪያውን እናርቅ። በዚህ አገር ራሳቸውን ካጠፉ የቀድሞ ወታደሮች ከአሥሩ ሰባቱ የሚሞቱት በጠመንጃ ወይም በሽጉጥ ነው። «የቆረጠ ሰው ሌላ መንገድ አያጣም» ይባላል። ግን ያ ክፉ ሰዓት ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚያልፍ ነው። የእስራኤል ሠራዊት በ2006 ወጣት ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን ሰፈር ውስጥ እንዲተዉ አዘዘ። ራሱን የሚያጠፋው ወታደር ቁጥር በ40 በመቶ ቀነሰ። ቪኤ የመሣሪያ ቁልፍ በነጻ ይሰጣል። የሚያምነው ጓደኛ ለጊዜው ቢያስቀምጥለት ደግሞ የበለጠ ነው። ይህን ስናነሣ «ልንነጥቅህ ነው» ሳይሆን «ይህ ጊዜ እስኪያልፍ» እንበለው።

ሦስተኛ፣ በጽሑፍ እቅድ ይኑር። ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ያዘጋጁት አንድ ወረቀት አለ። የጭንቀቴ ምልክት ምንድን ነው፣ ምን ሳደርግ ይቀለኛል፣ ማን ዘንድ እሄዳለሁ፣ ለማን እደውላለሁ፣ ቤቴን እንዴት ከአደጋ አጸዳለሁ የሚሉትን ሰውዬው ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ራሱ ይሞላዋል። ከዚያ በስልክ ይከታተሉታል። በ2018 የታተመ ጥናት ይህ በተደረገላቸው የቀድሞ ወታደሮች ዘንድ በስድስት ወር ውስጥ ራስን የመጉዳት ድርጊት 45 በመቶ እንዳነሰ አሳይቷል።

አራተኛ፣ ቁጥሩን እንያዝ። 988 ደውሎ 1ን መጫን ነው። በጽሑፍ መልእክት ደግሞ 838255። እናትም ሚስትም ስለ ልጇ ወይም ስለ ባሏ ብትደውል ይቀበሏታል። ልጁ ቪኤ ውስጥ ባይመዘገብም እንኳ መደወል ይችላል። ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ በዚህ አደጋ ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ የቀድሞ ወታደሮች በቅርብ ባገኙት ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና በነጻ ያገኛሉ። ሕይወቱ በዚያች ሰዓት አደጋ ላይ ከሆነ 911 እንደውል፤ ብቻውንም አንተወው።

የእኛም ቤት ታሪክ

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ አሜሪካ ወታደሮች ብቻ አይደለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የአገራችን ሠራዊት ሲበተን፣ አብዛኛው ወደ መጣበት ገጠር ተመለሰ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽንም ተቋቁሞ ነበር። ከእነዚያ መካከል አንዱ አጎቴ ነው። ወደ እናቴ ቤት መጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። ለእኛ ለልጆች ከረሜላ ያመጣልን ነበር፤ ሌሊት ግን ይጮኽ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ለእድሩ «ድንገተኛ ሕመም» ተባለ። እኛም አልጠየቅንም።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር አዲስ አበባ ለእናቴ ደወልኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «አውቄ ነበር እኮ። ሰዓቱን አውልቆ ለወንድምሽ ሲሰጠው አውቄ ነበር። ግን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? እንዲህ ያለ ነገር ስሙ አይጠራም» አለችኝ።

ለእህታችን የሰጠኋት መልስ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴን አልወቅሳትም። የሚነግራት አልነበረም። እኔ ግን የነገረኝ አለ፤ እናንተም ከዛሬ ጀምሮ አላችሁ።

እህታችን ልጇን የጠየቀችው በዚያው ሳምንት ነው፤ ማታ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ዕቃ እያጠበች። ፊቱን እንዳታይ ብላ ጀርባዋን ሰጥታው። ረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠም። ቀጥሎ «እንዴት አወቅሽ?» አላት። አብረው ደወሉ። ዛሬ በቬት ሴንተር በየሳምንቱ ከመሰሎቹ ጋር ይቀመጣል። ድኗል አልልም፤ ገና መንገድ ላይ ነው። ግን አለ።

በሚቀጥለው ስብሰባችን የመሣሪያ ቁልፎች ይዤ እመጣለሁ፤ ለምን እንደወሰዳችሁ ማንም አይጠይቃችሁም። እስከዚያው 988 እና 1 የሚለውን ጻፉና ፍሪጃችሁ ላይ ለጥፉት። ልጃችሁ ለምን እንደለጠፋችሁት ከጠየቃችሁ፣ ያኔ ተቀምጣችሁ አውሩት።